ለ1972 ቮልስ ያገለገለ ኦሪጅናል ወይስ አዲስ የቻይና ካርቡሬተር?

ቦክሰር72፦
ሰላም ለቤቱ። መኪናዋ በፈረንጅ የ1972 ሞዴል ቮልስ ናት፤ ሞተሯ 1600፣ ካርቡሬተሯ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ሶሌክስ 34 ፒክት 3። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) እየተንቀጠቀጠች ትጠፋለች፣ ቤንዚን ትበላለች፣ ካንዴላዎቹ (እሳት የሚሰጡት) ጥቁር ጥቀርሻ ይዘዋል። ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ላይ ያገለገለ የጀርመን ሶሌክስ እና አዲስ የቻይና ቅጂ አለ፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የቱ ይሻላል? የምትነዳው አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ነው።

ሞተር ከኋላ፦
ገንዘቡን ከማውጣትህ በፊት የተገጠመውን እይ። ካንዴላ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አውቶማቲክ ቾኩ ነው፣ ሞተር ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው። ወደ ቾኩ የሚሄደው ሽቦ 12 ቮልት ካልደረሰው የቾኩ ክዳን ተዘግቶ ይቀራል። የአየር ማጣሪያውን አንሳ፣ ሞተሩን አስነሳ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ክዳኑ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቾኩ ደህና ከሆነ የቤንዚኑን መጠን ወደሚቆጣጠሩት መርፌ ቫልቭና ተንሳፋፊ ሂድ። ተንሳፋፊውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትነክረው አረፋ ካወጣ ቀዳዳ አለው።

የፑንቲናው (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው መቆራረጫ) ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆኑንም አረጋግጥ። እነዚህ ሳይስተካከሉ የሚቀየር ካርቡሬተር ጥፋቱን አይፈታውም።

ቶርኖ ቤት፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። መካኒክ አየር የሚስብን ሞተር በቤንዚን ማካካስ ይወዳል፣ ስለዚህ ጥቀርሻ ስላለ አየር አይገባም ብለህ አትዝጋው። የማኒፎልዱን የላስቲክ መጋጠሚያዎች፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና የጋዝ ዘንጉን ሁለት ጫፎች መርምር።

ለመግዛት ከወሰንክ ያገለገለውን ጀርመናዊ ምረጥ፤ ግን ዘንጉን ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው። የሚወዛወዝ ከሆነ ዋጋው ይውረድ፣ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ተወስዶ የብሮንዝ ቡሽ ይገባለታል። የታችኛውን ፊት መስታወት ላይ አስቀምጠህ ብርሃን አሳይ፤ ከተጣመመ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፈህ በእኩል ጫና ሞርደው። አካሉ የተሰነጠቀ ወይም የብሎን ጥርሱ የተበላ ከሆነ ተወው።

ከሁሉም በላይ የካርቡሬተሩ የላይኛው ክዳን ላይ ያለውን የቤንዚን መግቢያ የነሐስ ቱቦ በእጅህ አዙረህ ሞክር። ተገፍቶ የገባ እንጂ ጥርስ ያለው አይደለም፤ ሲላላ ሞተሩ እየሠራ ተነቅሎ ቤንዚን ይረጫል። ቮልስ ከሚቃጠልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ከላላ ጥርስ አውጥቶ በብሎን የሚገባ ቱቦ መግጠም ነው።

ጂግለር፦
በቻይናው ላይ ግን አትፍረዱ። ዘንጉ አልተበላም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ሳያዩ መግጠም ነው። የላይኛውን ክዳን ክፈት፣ የብረት ፍርፋሪውን በአየር ንፋ፣ ጂግለሮቹን (ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ባለ ቀዳዳ ብሎኖች) አውጥተህ ከአሮጌው ኦሪጅናል ጋር አስተያይ። ላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥርና ቀዳዳው አንዳንዴ አይገናኙም፤ የአሮጌው ንጹህ ከሆነ ወደ አዲሱ አዛውረው። ጂግለር በሽቦ አይጎረጎርም፣ ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚን ይጨምራል።

አዲስ አበባ ስለሆነ ደግሞ፦ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። 127.5 ቁጥር ዋና ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። 122.5 ሞክር፣ አሁንም ካንዴላው ከጠቆረ 120።

ቦክሰር72፦
አመሰግናለሁ። ከተገጠመ በኋላ ሚኒሞውን እንዴት ላስተካክል? ጋዝ ሲነኩም ሞተሩ ለአፍታ ይሞታል።

ሞተር ከኋላ፦
ሞተሩ ሞቆ፣ ቾኩ ተከፍቶ ይሁን። የጋዝ ክንዱ ላይ ያለው ብሎን ደረጃ ያለውን ካም ሲነካ ሩብ ዙር ጨምርና ተወው፤ ሚኒሞ በእሱ አይጨመርም፣ በእሱ ከጨመርክ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደው የቫኩም ቀዳዳ ያለጊዜው ይከፈታል። ጎን ላይ ሁለት ብሎን አለ። ትንሹን እስኪቆም በቀስታ ዝጋ፣ 2 ዙር ተኩል መልስ። በትልቁ በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ አምጣ። ከዚያ ትንሹን ሞተሩ በጣም እስኪፈጥን ፈልግ፣ 20 ወይም 30 ዙር እስኪወርድ መልሰህ አጥብቅ፣ በትልቁ እንደገና 850 አድርግ። ሚኒሞ ጭራሽ ካልያዘ የመቁረጫ ሶሌኖይዱን (ሞተር ሲጠፋ የሚኒሞን ቤንዚን የሚዘጋውን) እይ፤ ቁልፍ ስትከፍት ቀጭ ማለት አለበት።

ጋዝ ስትነካ ለሚሞተው መጀመሪያ ወደ ካርቡሬተሩ ውስጥ ተመልከት፦ ሞተሩ ጠፍቶ ክንዱን ስትስብ ቤንዚን በቀጭን ጅረት ወዲያው መርጨት አለበት። ካልረጨ የማፍጠኛ ፖምፓው ዲያፍራም ነው። ከረጨ ዲስትሪቢውተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) የቱ ነው? የቫኩም ቱቦ የሌለው 009 ከሆነ ከ34 ፒክት 3 ጋር ይህን ድካም ያመጣል፣ ካርቡሬተር ብትቀይርም አይለቅህም። ቫኩም ያለው ግጠም።