የቪትዜ ቤንዚን ጨመረብኝ፤ የስልክ አፕ ይረዳኛል?

ልጅ ማራኪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። የ2006 ስሪት (በፈረንጅ) ቪትዝ አለችኝ። 1 ሊትር ሞተር፣ ማንዋል። እዚህ ጎንደር ከማራኪ አዘዞ ለሥራ እመላለስባታለሁ። ድሮ በሊትር ወደ 15 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ ነበር፤ አሁን 11 ከሞላች ተመስገን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የበራ መብራት የለም። ጋራዥ ብወስዳት አንዱ ካንዴላ ቀይር ይላል፣ አንዱ ፓምፑ ነው ይላል፣ ሌላው ጭራሽ ሞተሩ ይውረድ አለኝ። በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ ዕቃ መኪናዋ ላይ ሰክቶ ፍጆታዋን በስልክ ማየት ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ይሠራል ወይስ ብር ማቃጠል ነው? ስልኬ ሳምሰንግ ነው።

አራዳው፦
ይሠራል ወንድሜ። ዕቃው ኢኤልኤም 327 ይባላል፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ከመሪው ሥር ጎንበስ ብለህ እይ፤ 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ታገኛለህ። እዚያ ሰክተህ ቁልፍ ትከፍታለህ፣ ብሉቱዝ ላይ ታገናኛለህ። የሚስጥር ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 1234 ወይም 0000 ነው። ከዚያ ቶርክ ወይም ካር ስካነር የሚባለውን አፕ አውርድ። አይፎን ቢሆን ኖሮ በዋይፋይ የሚሠራውን ፈልግ እልህ ነበር፤ ተራው ብሉቱዝ ከአይፎን ጋር አይግባባም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ለአውሮፓ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ይህን ሥርዓት ይዘው ነው የሚወጡት። ለጃፓን ገበያ የተሠራች ከሆነች ሶኬቱ ኖሮም ላትናገር ትችላለች። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ከሰው ተውሰህ ሞክር። ርካሽ ኮፒዎቹም ብዙ ናቸው፣ መሀል መንገድ ላይ ይቋረጣሉ።

ጋሽ መካኒክ፦
ልጄ፣ አፑ ቤንዚኑን አይለካም። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር አይቶ ያሰላል። 14.7 ግራም አየር ከ1 ግራም ቤንዚን ጋር ይቃጠላል ብሎ ነው የሚነሳው። የሞተርህን መጠን 1 ሊትር ብለህ ካልሞላህለት የሚሰጥህ ቁጥር ተረት ነው። ከሞላህም በኋላ ከማደያ ጋር አስታርቀው፦ ሙሉ ታንክ ሞልተህ ሂድ፣ እንደገና ስትሞላ የገባውን ሊትር አፑ ካለው ጋር አወዳድር፣ ልዩነቱን አፑ ላይ አስተካክል። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ለዚህ አይሆንም፤ ልኬቱን ማን ያውቃል?

ደግሞ ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ ከፍተህ የአየር ግፊቱን ብታይ 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይልሃል። ኢንተርኔት ላይ 101 መሆን አለበት ሲሉ አይተህ ሴንሰር እንዳትገዛ። 101 የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው፣ እኛ ያለነው ከ2,100 ሜትር በላይ ነው።

እኔ ብሆን ፍጆታውን ትቼ መጀመሪያ ሁለት ነገር አያለሁ። የሞተር ሙቀትና የረጅም ጊዜ ፊውል ትሪም፤ ትሪም ማለት የመኪናዋ ኮምፒውተር ቤንዚኑን በመቶ ስንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ትሪሙ በዜሮ አካባቢ ቢዋዥቅ ደህና ነው። ከ10 በላይ ሲደመር ኮምፒውተሩ ቤንዚን እየጨመረ ነው ማለት ነው፤ ወይ አየር ይሰርቃል፣ ወይ ፓምፑ ደክሟል። ከሲቀነስ 10 በታች ሲወርድ ደግሞ ቤንዚን በዝቶ ኮምፒውተሩ እየቀነሰ ነው።

የደባርቅ መንገድ፦
በዚህ አጋጣሚ እኔም ልጠይቅ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቼ በፎሌ ስለቀው ቤንዚን እቆጥባለሁ አይደል? አፑ ግን ማርሽ ይዤ ስወርድም ይበላል ይለኛል።

ጋሽ መካኒክ፦
አትቆጥብም። ማርሽ ይዘህ እግርህን ከቤንዚን መርገጫው ስታነሳ ኮምፒውተሩ የቤንዚን መርጫዎቹን ይዘጋል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። በፎሌ ስትሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ መጠጣት አለበት። አፑ የሚያሳስትህ አየር መግባቱን ብቻ አይቶ ስለሚያሰላ ነው። ደግሞ በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ፣ እባክህ ይቅርብህ።

ልጅ ማራኪ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዕቃውን ከጓደኛዬ ተውሼ ሰካሁት፣ ተናገረች። ትሪሙ 3 እና 4 ላይ ነው። የገረመኝ ሙቀቱ ነው። ፒያሳ መጨናነቅ ውስጥ ስቆም 80 ይደርሳል፤ ወደ አዘዞ ቁልቁል ስወርድ 64 ይገባል። ጤና ነው?

ጋሽ መካኒክ፦
አይደለም። ቴርሞስታቱ፣ ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ዕቃ፣ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል ወይ የለም። ጤነኛው 82 አካባቢ ይከፈታል፤ መንገድ ላይ ከ80 በታች አይወርድም። እኛ ሰፈር መኪና ሲግል «አውጣው ይቅር» የሚል መካኒክ ሞልቷል። ሲወጣ ውሃው ሁልጊዜ በራዲያተሩ ይዞራል፣ በጎንደር ብርድ ደግሞ ሞተሩ መቼም አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ገና ጠዋት ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፤ ዘይቱም ወፍራም እንደሆነ ይቀራል። ሁሉም መኪና ለዚህ መብራት አያበራም።

ከ15 ወደ 11 የወረደው ሁሉ የእሱ ነው ግን አልልም። አዘዞ ደርሰህ ስትቆም እጅህን ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጋ፣ አትንካው። አንዱ ብቻ የሚጋረፍ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ይህን አፕ አያሳይህም።

ልጅ ማራኪ፦
የቴርሞስታቱ ቦታ ተከፈተ። ባዶ ነው! ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አስወጥቶት ነው መሰለኝ። አዲስ አስገባን፤ አሁን 87 እና 88 ላይ ረግቶ ቆሟል። የኋላው የቀኝ ጎማም ይግል ነበር፤ ፍሬኑ ተፈቶ ተጸዳ። ቤንዚን ሳገኝ ሙሉ ታንክ ሞልቼ ስንት እንደገባች እጽፋለሁ።

ጋሽ መካኒክ፦
ጎበዝ። የራዲያተሩን ክዳን ጎማ ደግሞ እይ፣ ውሃ ብቻ ሳይሆን ኩላንት ጨምር። በዚህ ከፍታ ተራ ውሃ 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ አሁን በትክክል የሚሞቀው ሞተር ይገነፍልብሃል፣ ያኔ ሌላው መካኒክ ቴርሞስታቱን መልሶ ሊያወጣው ነው።

አራዳው፦
ዕቃውን ማታ ማታ ንቀለው፤ ተሰክቶ ካደረ ባትሪ ይጠጣል። እየነዳህም ስልኩን አትይ፤ አፑ ራሱ ይመዘግበዋል፣ ቤት ገብተህ ታነበዋለህ።