ለተከራየኋት ፈረስ ኢንሹራንስ የሚገባው ማነው?

የጃንሜዳ ጋላቢ፦
ሰላም የፈረስ ወዳጆች። ጃንሜዳ አካባቢ ካሉ አንድ አባት ባዝራ ለ6 ወር ተከራይቻለሁ። ቀለሟ ዳማ ነው፣ ግንባሯ ላይ ቦቃ (ነጭ ምልክት) አላት። ጠዋት ጠዋት እጋልባታለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ልጆች አስተምርባታለሁ። መኖዋን የምችለው እኔ ነኝ። ውል አለን፣ ግን ግማሽ ገጽ ነው፤ የኪራዩ ብርና ቀኑ ብቻ ነው ያለበት።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሆዷን ቆረጣት። ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ዞራ ጎኗን ታያለች፣ አንገቷ በላብ ርሷል። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት በገመድ እየሳብኩ አዞርኳት። ሐኪም ደርሶላት ተረፈች፣ ተመስገን። ጠዋት ጋሼ ሲመጡ ግን ሕክምናውን ማን ይክፈል የሚለው ላይ ሁለታችንም ተፋፈርን። ብትሞትስ? እሳቸው ሌላ ፈረስ የላቸውም። እኔም ዋጋዋን ከየት አመጣለሁ። ኢንሹራንስ መግባት ያለበት ማነው? እኔ ብገባ ብሩ ለማን ይከፈላል?

መድን ቤት፦
ኢንሹራንስ ውስጥ ነው የምሠራው። ሁለታችሁም መግባት ትችላላችሁ፣ ለየብቻ ግን አትግቡ። በየፊናችሁ በሙሉ ዋጋዋ ብትገቡ ካሳው እጥፍ አይሆንም፣ እጥፍ የሚሆነው አረቦኑ፣ ማለትም ለኩባንያው የምትከፍሉት ነው። መድን የጠፋውን ይተካል እንጂ ትርፍ የለውም። ጋሼ ብቻቸውን ገቡ እንበል፤ አንተ ክፉኛ ጋልበሃት ሞተች። ኩባንያው ለሳቸው ይከፍላል፣ ከዚያ በሳቸው እግር ተተክቶ አንተን ይጠይቃል። ብዙ ተከራይ ይህን አያውቅም፣ ባለቤቱ ስለገባ እኔም ተሸፍኛለሁ ብሎ ተረጋግቶ ይተኛል። ስለዚህ ፖሊሲው (የመድን ውሉ) አንድ ይሁን፣ የሁለታችሁም ስም ይግባበት፣ የሞት ካሳው ለባለቤቷ እንደሚከፈል በግልጽ ይጻፍ። አረቦኑን ማን እንደሚከፍል ደግሞ የኪራይ ውላችሁ ላይ አስፍሩት።

ሌላው የሶስተኛ ወገን መድን ነው፣ ፈረሷ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት የሚሆነው። አምልጣ ስድስት ኪሎ ላይ ሰው ብትረግጥስ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 ባለቤቱ እንስሳው አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ ነው፣ 2072 ደግሞ ተከራይቶ የያዘውንም ይጠይቃል። የሕይወቷ መድን ይህን አይሸፍንም፣ ለብቻው ጠይቅ። መስኮቱ ላይ «ለፈረስ» ስትል ግር ሊላቸው ይችላል፣ «የእንስሳት መድን» ብለህ ጀምር።

ባለ ጉራቻው፦
እኔ ከአከራይ ወገን ነኝ። ጉራቻ (ጥቁር) ፈረሴን ያከራየሁት ልጅ ለራሱ ሊጋልበው ነበር የተስማማነው፣ የመድን ፎርሙም ላይ «ለግል ግልቢያ» ተብሎ ተሞላ። ልጁ ግን በዓል ቀን ፎቶ ለሚነሱ ሰዎች በየተራ ሲያከራየው ውሎ፣ ማታ ወደ ጋጣው ሲመልሰው ዝናብ የመታው አስፋልት ላይ አዳልጦት በፊት ጉልበቱ ወደቀ። ኩባንያው አልከፈለም፣ ለኪራይ ነው ብላችሁ አልነገራችሁንም አለ። ልክፈል ቢልስ? እኔ የገባሁት ለሞት ነበር፣ ፈረሴ ደግሞ አልሞተም፣ አነከሰ። አሁንም ሲራመድ ያንን እግሩን ፈራ ተባ እያለ ነው የሚያሳርፈው፣ ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

ወንድሜ፣ ልጆች እንደምታስተምርባት ሳትደብቅ አስሞላ። ሳትሞት ለሥራ የማትሆን ብትሆንስ ብለህም ጠይቅ። እኔ አሁን የማስፈርመው እንዲህ ነው፦ ድንገት ከታመመ ተከራይ ሐኪም ይጥራና ይክፈል፣ ባለቤት ግማሹን ይመልሳል፣ በተከራይ ጥፋት የመጣ ከሆነ ግን ሙሉው በተከራይ።

የከብት ሐኪም፦
ከመግባታችሁ በፊት አስመርምሯት። ቀለሟ፣ ቦቃዋ፣ በጥርሷ የታየው ዕድሜዋ፣ የቆየ ጠባሳዋ ሁሉ ይጻፍ፣ ፎቶም ይያያዝ። ያለፈውን ሳምንት ቁርጠት አትደብቁ፤ ኋላ ከታወቀ እሱኑ ይዘው ነው የሚከራከሯችሁ። የክትባት ወረቀቷም ይኑር። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል።

ቁርጠት ሲይዛት ጊዜ የለህም፣ ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ረፍት ላይ ስትሆን የልብ ምቷ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው፤ 60 ካለፈ ንጋትን አትጠብቅ። ለሐኪሙም ለኢንሹራንሱም በዚያው ሌሊት ደውል። ሐኪሙ «አትድንም፣ ከስቃይዋ ትገላገል» ቢል እንኳ ኩባንያው ሳያውቅ እንዳይደረግ። ከሞተችም በድኗ ሳይመረመር አይቀበር።

የጃንሜዳ ጋላቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ቡና ጠጥተን ውሉን እንደ አዲስ እንጽፋለን። አንድ የቀረኝ፣ የማስተምራቸው ልጆች ቢወድቁስ፣ ሶስተኛ ወገኑ ይሸፍናቸዋል?

መድን ቤት፦
ይሸፍናል ብለህ እንዳትገምት። ሶስተኛ ወገን ሲባል መንገድ ላይ ያለውን ሰው ብቻ ይዞ ጀርባዋ ላይ የተቀመጠውን ተማሪ ሊያስቀር ይችላል። ተማሪዎቹ መካተታቸውን በጽሑፍ አስመልስ፣ በቃል የተነገረህን አትያዝ። መልሱ እስኪመጣ ልጆቹን ባታስቀምጥ ደስ ይለኛል።