ጓሳ ሣር ጣርማ በር ላይ ይይዛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ማሳችን ከጣርማ በር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ጫፉን እየሸረሸረ ቦረቦር አወጣብን። ጓሳ ብተክል አፈሩን ይዞልኝ ለጎጆ ክዳንም ይሆነኛል ብዬ ነው። በዘር ነው በሥር የሚተከለው? በየዓመቱ መተከል አለበት? ግማሹ ቦታ ባሕር ዛፍ ሥር ነው።

የመንዙ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ጓሳ አንዴ ከያዘ ለዓመታት ይኖራል፤ ቢታጨድም ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። የእኛ የጓሳ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ነው፤ ስሜን ተራሮች ላይም አለ። ውርጭ የለመደ ሣር ስለሆነ ያንተ ቦታ ይስማማዋል። ማሳህ ቆላው ሸዋ ሮቢት ቢሆን አትልፋ እልህ ነበር። ሐምሌ ላይ መሬቱ ሲርስ አንድ እግር ጓሳ ከነሥሩ ቆፍረህ አውጣና በእጅህ ገነጣጥለው። እያንዳንዱ ግንጣይ ሥር ይኑረው። ቅጠሉንም ከላይ ቁረጠው፤ ረጅሙን ቅጠል ይዞ ከተተከለ ሥር ሳይሰድ ይደርቃል። ከዚያ ተዳፋቱን አግድም ይዘህ ጠጋ ጠጋ አድርገህ ትከል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦ ባሕር ዛፉ ሥር ያለውን ተወው። ጓሳ የገላጣ ሜዳ ሣር ነው፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ውኃ ይሻማዋል። ቦረቦሩ ከጠለቀ ሣር ብቻውን አይችለውም። በበጋው የድንጋይ ክትር ሥራበት፣ ደለል ሲይዝልህ ደለሉ ላይ ትተክላለህ።

እናት ከጌራ ምድር፦ ልጄ፣ ለክዳኑ አትቸኩል። የአጽመ ርስት፣ ማለት ከአያት ከቅድመ አያት የሚወረስ የመሬት መብት፣ ባለቤቶች የነበሩት አባቶቻችን የጓሳን ሜዳ ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲረዝም ነበር የሚያሳጭዱት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሣሩም ተጎዳ። ዛሬ ሕዝቡ ተመልሶ እየጠበቀው ነው። አጭር ጓሳ ለክዳንም፣ ለገመድም፣ ለገሳም አይሆንም። እስኪጠና ከብት አታስገባበት። ደግሞ አደራህን፣ ከጥብቁ ቦታ እንዳትነቅል፤ ቀይ ቀበሮው የሚበላት አይጥ የምትጠለለው እዚያው ሣር ሥር ነው። በግል ድንበሩ ላይ ያለውን ሰው አስፈቅደህ ውሰድ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ሁላችሁም። አጎቴ መንዝ ድንበሩ ላይ አለው፣ እሱን እለምናለሁ። ክትሩን ከጥር ጀምሬ እሠራለሁ። ግንጣዩ በመንገድ እንዳይደርቅብኝ ምን ላድርግ?

የመንዙ ልጅ፦ ሥሩን ከነአፈሩ በረጠበ ጆንያ ጠቅልለው። ፀሐይ ሳያገኘው አምጣና በዚያው ቀን ትከለው።