ወደ ፌስቲቫል ለምስክርነት ልንወጣ ነው፤ የወጣችሁ ካላችሁ ምከሩኝ

ጥያቄ
ሰላም ቅዱሳን። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች 18 ሆነን ለ3 ቀን ወደ አንድ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ልንሄድ ነው። መሪዋ እኔ ነኝ። ቤት ለቤት መስክሬ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ መሃል ግን ወጥቼ አላውቅም። 2,000 ትራክት (የወንጌል በራሪ ወረቀት) አሳትመናል። ልጆቹ በጣም ተነቃቅተዋል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሊዝናና የመጣ ሰው እንዴት ነው የሚቀረበው? የገጠማችሁን እንዳለ ንገሩኝ።

መልስ 1
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ፈቃድ። ቦታው አጥር ካለው አዘጋጆቹ ወረቀት ማደል ሊከለክሉ ይችላሉ። በደብዳቤ ጠይቁ፣ መልሱንም ይዛችሁ ሂዱ። በር ላይ ከጥበቃ ጋር መከራከር ለወንጌል አይጠቅምም።

መልስ 2
አራት ጊዜ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያውን ልንገርሽ። እንደናንተው ትራክት ተሸክመን ሄድን። ሰው እጁን ይዘረጋል፣ ይቀበላል፣ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ይጥላል። ማታ ዝናብ ጣለ። ዝግጅቱ ሲያልቅ ወረቀታችን ሜዳው ላይ ጭቃ ውስጥ ተለጥፏል። የጌታ ስም ላይ የጫማ ምልክት ነበረበት። አለቀስኩ። እስከ እኩለ ሌሊት ጎንበስ ብለን ስንለቅም አንድ የጽዳት ሠራተኛ መጣና "የናንተ ነው እንዴ?" አለኝ። አንዱን ጓንቱን አውልቆ ሰጠኝና አብሮን ለቀመ። ያን ቀን በደንብ ያወራሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ትራክቱን ቀንሰን ውኃ፣ የቁስል ፕላስተር፣ የስልክ ቻርጀርና 10 የፕላስቲክ ወንበር ይዘን መውጫው አጠገብ ሆንን። ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል መቀመጫ ብርቅ ነው። አዲስ ጫማ ተረከዟን የላጣት ልጅ መጣች። ፕላስተሩን ስለጥፍላት ዝም ብላ ታየኛለች። ከዛ "ስንት ነው?" አለች። በነጻ ነው ስላት "ለምን?" አለችኝ። ምስክርነቱ የጀመረው እዛች "ለምን" ላይ ነው። ስልኳ ሞልቶ እንኳን አልተነሳችም።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ለንደን ውስጥ የተጀመረው ስትሪት ፓስተርስ የሚባል አገልግሎት ሌሊት ከጭፈራ ቤት ለሚወጡ ሰዎች ውኃ ይሰጣል። ታኮ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግር ለሚሄዱ ሴቶች ነጠላ ጫማ ያድላል። ስብከት አያስቀድሙም፣ ያዳምጣሉ።

ደግሞ ልጆቹን ጠብቂ። ሁለት ሁለት ይሁኑ፣ ማንም ብቻውን አይዙር። መድረኩ ፊት አትቁሙ። በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ሰው በላይ ከታጨቀ ሕዝቡ እንደ ማዕበል ይገፋል፣ መተንፈስም ያቅታል። ፀሐይ የመታው ሰው መቀባጠር ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ውኃ አፉ ውስጥ አታድርጉ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሰውነቱን በውኃ አቀዝቅዙ፣ ወዲያው የሕክምና ቡድኑን ጥሩ።

መልስ 3
ከመውጣታችሁ በፊት ዮሐንስ 7ን አብራችሁ አንብቡ። ጌታ ወደ በዓሉ የወጣው በስውር ነው። ማስተማር የጀመረው በዓሉ ሲጋመስ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ የተጠማውን የጠራው በመጨረሻው ቀን ነው። እኛ ግን ገና ከመኪና ሳንወርድ ሜጋፎን እንከፍታለን።

ጠያቂዋ
ተባረኩ። ሜጋፎኑን አስቀርቻለሁ፤ ወንበርም እየፈለግን ነው። አንድ ነገር ብቻ። ስንመለስ ሽማግሌዎቹ "ስንት ሰው ጌታን ተቀበለ?" ማለታቸው አይቀርም። ምን ልበል?

መልስ 2
ሳትሄዱ አሁኑኑ አነጋግሪያቸው። እኔ ቁጥር ይዤ የተመለስኩበት ጊዜ አለ፤ ከነዚያ ሰዎች አንዱንም በኋላ አላገኘሁትም፣ እስካሁን ያመኛል። ሞቅ ያለው ሰው እጁን ቢያነሳ አትቁጠሩት፣ በሰላም ቤቱ እንዲገባ እርዱት። ፈቅዶ ስልኩን የሰጠ ካለ ግን ሳምንት ሳይሞላው ደውሉለት፣ ሰፈሩ ካለ ቤተ ክርስቲያን ጋርም አገናኙት። የሚያለቅስ ሰው ፎቶ አታንሱ፣ ለሪፖርትም ቢሆን። ለ18 ሰው ደግሞ 10 ወንበር ያንሳል፤ እናንተው ትቀመጡበታላችሁ። 20 አድርጉት።