ቤት ውስጥ ያፈላሁት የጥቅል ጎመን ችግኝ ግንዱ ተመዝዞ ለምን ይወድቃል?

የለገጣፎ ጀማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለገጣፎ ዳርቻ ሲሆን፣ ከቤቴ ጀርባ ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ለመትከል አስቤ በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ችግኙን ቤት ውስጥ አፈላሁ። ቤት ውስጥ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አምና ደጅ መደብ ላይ ከዘራሁት ግማሹን በረዶ ደበደበው፣ የቀረውን የጎረቤት ዶሮ ጭሮ ጨረሰው። ዘንድሮ ብስባሽና የጓሮ አፈር እኩል ደባልቄ በእንቁላል ካርቶን ሞላሁና፣ ሙቀት እንዲያገኝ ብዬ ማድ ቤት ውስጥ ከምድጃው አጠገብ፣ ወደ ደቡብ በሚያየው መስኮት ሥር አስቀመጥኩት።

በ4ኛው ቀን ብቅ አለ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ግንዱ እንደ ክር ቀጥኖ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ተመዘዘ፤ ሁሉም ወደ መስኮቱ አጎነበሰ። ቅጠሉ የገረጣ ስለመሰለኝ ትንሽ ዩሪያ በውሃ በጥብጬ አጠጣሁት። ከዚያ ወዲህ ከካርቶኑ አንድ ጥግ ጀምሮ፣ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እየቀጠነና እየጠቆረ፣ ማታ ቆመው ያየኋቸውን ጠዋት ተኝተው አገኛቸዋለሁ። ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ስለማጠጣ ጥም ነው ለማለት አልችልም። የተበላሸው ዘሩ ነው፣ አፈሩ ነው ወይስ የእኔ እጅ? የቀሩትን ማዳን ይቻል እንደሆነ፣ ካልተቻለም አሁን እንደገና ብዘራ ይደርስ እንደሆነ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የሱሉልታ አትክልተኛ፦

ዘሩን አይውቀሱት፤ በ4 ቀን የበቀለ ዘር ጤነኛ ነው። የገጠመዎት ሁለት የተለያየ ችግር ነው፤ መመዘዙ የብርሃን፣ መውደቁ የበሽታ። እኔ ስለ መጀመሪያው ልናገር፣ ሁለተኛውን ከእኔ የሚሻል ሰው ያስረዳዎታል።

ጎመን ለመብቀል የሚፈልገው ሙቀትና ከበቀለ በኋላ የሚስማማው ሙቀት አንድ አይደለም። ዘሩ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት ቶሎ ይበቅላል፤ ከአፈር ብቅ ካለ በኋላ ግን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ሙቀቱ ሳይቀንስ ብርሃን ሲያንሰው፣ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ብርሃን ፍለጋ ግንዱን ያስረዝማል። ምድጃው ያገለገልዎት ለመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ብቻ ነው፤ በ5ኛው ቀን ችግኙን ከዚያ ማንሣት ነበረብዎት።

ሌላው ጣጣ መስኮቱ ነው። «ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ምረጡ» የሚለውን ምክር ብዙዎቻችን ከውጭ አገር ቪዲዮ እንዳለ ወስደነዋል፤ ምክሩ ግን የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍባቸው አገሮች የተሰጠ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን አጋድላ ታልፋለች፤ ወደ ደቡብ በደንብ የምታዘነብለው ከጥቅምት በኋላ ነው። ስለዚህ በሐምሌ የደቡብ መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። በሰሜኑም ቢሆን አይተማመኑ፤ ፀሐይዋ ከአናት ብዙ ስለማትርቅ የቆርቆሮው ጫፍ ይጋርዳታል። ክረምት ላይ የሚያዋጣው የምሥራቅ መስኮት ነው፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ጠዋት የሚገኘው ብርሃን እንዳያመልጥ። ታኅሣሥ ላይ ቢዘሩ ኖሮ የደቡቡን አመሰግንልዎት ነበር።

መስኮቱ ካልበቃ ነጭ የኤልኢዲ ዱላ መብራት ከችግኙ አናት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉና በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያብሩለት። ኮርኒስ ላይ ያለው አምፖል ለእኛ ዓይን ብሩህ ቢመስልም ለችግኝ ከቁጥር አይገባም።

የቡራዩዋ፦

የሱሉልታው ወንድሜ ስለ ፀሐይ የተናገሩት እውነት ነው፤ መብራት መስቀሉ ላይ ግን አልስማማም። በረዷማ አገር ያሉ ሰዎች ቤት ውስጥ የሚያፈሉት ደጁ ስለማያበቅልላቸው ነው። እኛ የምንሸሸው ብርዱን ሳይሆን ዝናቡን፣ በረዶውንና ዶሮውን ነው፤ ለእነዚህ ደግሞ በረንዳ ይበቃል። እኔ ከግድግዳው ጋር አራት እንጨት አቁሜ ከላይ ነጭ ላስቲክ ወጠርኩ፣ ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ አጠርኩ፤ ችግኜ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ፣ ግንዱ አጭርና ደንዳና ሆኖ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በአምፖል የሚያድግ ችግኝ መያዝ ሌላ ጭንቀት ነው። ለሐበሻ ጎመን ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፣ እኔ በቀጥታ መደብ ላይ ነው የምዘራው።

ጡረተኛው፦

ከአፈሩ ወለል ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ መውደቅ፣ ከአንድ ጥግ ተነሥቶም መዛመት፣ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ እንደ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ያሉ ፈንገሶችና ፈንገስ መሰል ተሕዋስያን የሚያመጡት የችግኝ መበስበስ ምልክት ነው። የወደቀው አይድንም፤ ዛሬውኑ ከነአፈሩ በማንኪያ አንሥተው ያስወግዱት፣ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ግን አይጣሉት።

ተሕዋስያኑ ባልታከመ የጓሮ አፈር ውስጥ መኖራቸው የተለመደ ነው፤ ጉልበት የሚሰጣቸው ርጥበት ነው። የእንቁላል ካርቶን ውሃ መጥጦ ይይዛል፣ የሐምሌ አየር ራሱ ርጥብ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ጠዋትና ማታ ይጨምሩበታል። የሚያጠጡበትን ጊዜ ከሰዓት ይልቅ ከክብደቱ ይወቁት፦ ልክ እንዳጠጡ ዕቃውን በእጅዎ አንሥተው ክብደቱን ልብ ይበሉ፣ ከዚያ በኋላ ሲያነሡት ቀለል እስኪልዎት ድረስ ውሃ አይንኩ። ሲያጠጡም ከሥሩ የተበሳውን ዕቃ ጥቂት ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ያኑሩትና የላዩ አፈር ሲወረዛ ያውጡት፤ ግንዱ ደረቅ እንደሆነ ይቆያል።

ዩሪያው ስሕተት ነበር። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለቱ ልብ መሰል ቅጠሎች ስንቃቸውን ከዘሩ ይዘው ስለሚመጡ፣ ሁለት እውነተኛ ቅጠል እስኪያወጣ ማዳበሪያ አይሻም። ናይትሮጂን ሲበዛበት ሰውነቱ ይለሰልሳል፣ ለስላሳው ግንድ ደግሞ ለበሽታ ይመቻል።

ለሚቀጥለው ዘር አፈሩን ያክሙት። ርጥብ አፈር በብረት ድስት ከድነው ወደ 80 ዲግሪ ያድርሱትና በዚያው ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያቆዩት፤ ቴርሞሜትር ከሌለዎት መሐሉ ላይ አንድ ድንች ይቅበሩ፣ ድንቹ ሲበስል አፈሩም በቅቶታል። ሽታውን የቤት ሰው አይወደውም፤ እኔ አንድ ጊዜ ከተቆጡኝ ወዲህ ደጅ በከሰል ነው የምሠራው። ከዚህ ቀደም ጎመን ከበቀለበት መደብ ግን አፈር አይውሰዱ፤ የጎመንን ሥር የሚያሳብጠው በሽታ ዘሩ መሬት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል።

የለገጣፎ ጀማሪ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርቶኑን ሳነሣው ታችኛው ጎኑ እንደ ረጠበ ዳቦ እጄ ላይ ተቆረሰ፤ ለካ ላዩ ደርቆ ሳይ ታቹ ውሃ ተኝቶበት ኖሯል። ደኅና የሆኑ 11 ችግኞች ለይቼ ከሥራቸው በተበሱ የወረቀት ኩባያዎች አዛወርኳቸውና በምሥራቅ በኩል ወዳለው የመኝታ ቤት መስኮት ወሰድኳቸው። ግንዳቸው ግን አሁንም ረዥም ነው።

የሱሉልታ አትክልተኛ፦

ርዝመቱ አያስጨንቅዎ፤ ጎመን ልብ መሰል ቅጠሎቹ ድረስ ጠልቆ ቢተከል አይጎዳም። መሬት ሲያስገቡት የተመዘዘውን ግንድ ይቅበሩለት፤ የሚያድገውን እምቡጥ ብቻ አፈር አያልብሱት።

ደግሞም ይዝሩ፣ ጊዜ አላለፈም። በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት የተዘራ 4 ወይም 5 ቅጠል አውጥቶ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ እየቀነሰ መሬቱ ገና ርጥብ ሳለ ለመተከል ይደርሳል። ከመትከልዎ በፊት ባሉት ከ7 እስከ 10 ቀናት ከደጅ ጋር ያለማምዱት። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ከባድ ናት፤ ከመስኮት ሥር በአንድ ጊዜ ወጥቶ ቀኑን የዋለ ችግኝ ቅጠሉ ተቃጥሎ ይነጣል። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይበቃዋል፣ ከዚያ በየቀኑ ይጨምሩለት። ለቆራጭ ትል ከውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀለበት ቆርጠው በግንዱ ዙሪያ ግማሹን መሬት ውስጥ ይስደዱት። ለዶሮው የቡራዩዋ እህቴ ሽቦውን ነግረውዎታል።