«የዝንጅብል ናኖ» ዱቄት ለወንድሜ አንጀት ልግዛለት ወይስ ይቅር?

ጠያቂ፦ እህት፣ ከአቶቴ፣ ሀዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። ታናሽ ወንድሜ የትልቁ አንጀት ቁስለት አለበት፤ ሐኪሞቹ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ይሉታል። ሁለት ዓመት ሰልፋሳላዚን የሚባል ክኒን ሲወስድ ቆይቶ አሁን ደህና ነው፤ ደም ካየ አምስት ወር አልፎታል። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ አንድ ሻጭ «የዝንጅብል ናኖ» የሚባል ዱቄት አሳየኝ። 200 ግራሙ 2,800 ብር ነው። «አሜሪካ ውስጥ ለአንጀት ቁስለት ተረጋግጧል፤ በሁለት ሳምንት ክኒኑን ይተወዋል» አለኝ። ወንድሜ ክኒን ስለሰለቸው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ብሩን ዕቁቤ ሲወጣ እከፍላለሁ፤ እርሱ አያሳስበኝም። ግን ናኖ የሚሉት ምንድን ነው? እውነት ከዝንጅብል ይወጣል? ቤት ውስጥ በጁስ መፍጫ መሥራትስ ይቻላል?

መልስ፦ የምግብ ሳይንስ ያጠና፣ ሀዋሳ

እህቴ፣ ሻጩ ሰው የሚያሳምነው ነገሩ እውነተኛ ሥር ስላለው ነው። በዝንጅብል፣ በወይን፣ በግሬፕፍሩት፣ በካሮት ውስጥ በስብ ሽፋን የተጠቀለሉ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። በውስጣቸው ስብ፣ ጥቂት ፕሮቲንና ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ አጫጭር የዘር መልእክቶች ይገኛሉ። «ናኖ» የሚባሉት በመጠናቸው ነው፤ የዝንጅብሎቹ ወደ 230 ናኖሜትር ነው (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። የፀጉር ዘለላ ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ ከ300 በላይ ከረጢቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ነው አንድ ፀጉር የሚያህሉት።

ሻጩ የሰማው የአትላንታ ተመራማሪዎችን ሥራ ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ነው። ከዝንጅብል ያወጧቸውን ከረጢቶች አንጀታቸው ለታመመ አይጦች በአፍ ሰጡ። ከረጢቶቹ የአንጀቱ ግድግዳ ሴሎች ውስጥ ገቡ፤ መቆጣቱ ቀነሰ፤ የተጎዳው ግድግዳም ይበልጥ እየጠገነ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የሉዊቪል ተመራማሪዎች በአንጀት ውስጥ የሚኖር ላክቶባሲለስ የተባለ ጠቃሚ ባክቴሪያ የዝንጅብሉን ከረጢቶች እንደሚውጥና በውስጣቸው ያለው አርኤንኤ የባክቴሪያውን ጠባይ እንደሚለውጥ አሳዩ። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ባነበብሁ ቁጥር እደነቃለሁ፤ የምንበላው ተክል በሆዳችን ካሉ ተሕዋስያን ጋር በዚህ መንገድ ይነጋገራል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ሆኖም የአንጀቱ መቆጣት መቀነሱ የታየው በአይጥ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ለሰው «ክኒንህን ተው» ማለት ድፍረት ነው።

በጁስ መፍጫ ለማለትሽ፦ መፍጨቱ የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ጭማቂው በቀስታ ተሽከርክሮ ገለባው ከወጣ በኋላ፣ ከመሬት ስበት ከ100,000 እጥፍ በላይ ኃይል በሚያሳድር ሴንትሪፉጅ (እጅግ በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን) ለሰዓታት ይሽከረከራል፤ ከዚያም በስኳር ውሃ ንብርብሮች ላይ ተጣርቶ ይለያል። ወጥ ቤት ውስጥ አይሆንም። ደግሞም መሥራት አያስፈልግሽም። ትኩስ ዝንጅብል ወቅጠሽ በነጠላ ጨርቅ ብታጠይው ጨርቁ እነዚህን አይዛቸውም፤ ከጭማቂው ጋር ያልፋሉ። አያቶቻችንም ሳያውቁት ሲጠጧቸው ኖረዋል። ልዩነቱ ላብራቶሪው የተጣራና የተለካ መጠን መስጠቱ ነው፤ ኩባያሽ ውስጥ ያለውን ግን የሚለካልሽ የለም።

ዱቄቱን ይበልጥ የምጠረጥረው በሌላ ምክንያት ነው። ከረጢቶቹን የሸፈነው ስብ ነው፤ ያለ መከላከያ ሲደርቁ ሽፋኑ ይሰበራል፣ እርስ በርስም ይጣበቃሉ። ተመራማሪዎች ሲያደርቋቸው በበረዶ ማድረቂያ፣ ትሬሃሎስን የመሰለ ስኳር ጨምረው ነው። ስለዚህ በፀሐይ ደርቆ የተፈጨ ዝንጅብል «ናኖ» ቢባል ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

ወንድምሽ ክኒኑን እንዳያቆም! ደህና የሆነው እየወሰደው ነው፤ ሲቆም በሽታው ተመልሶ ሊነሣ ይችላል።

ስለ «ናኖ» አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ቃሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንዱ የምግብ ሳይንስ ያጠናው ሰው ከላይ የጻፈው የተክሉ የራሱ ከረጢት ነው። ሌላው ደግሞ የተክል ጭማቂን እንደ ማቀነባበሪያ ተጠቅመው የሚሠሩት የብር፣ የወርቅ ወይም የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣት ነው። እርሱም «ከዕፅዋት የተሠራ ናኖ» ይባላል፤ ነገር ግን ብረት ነው። ብር ለረጅም ጊዜ ሲዋጥ በሰውነት ተከማችቶ ቆዳን ሰማያዊ ግራጫ ያደርጋል፤ ቀለሙም አይለቅም። ስለዚህ የዱቄቱ ዕቃ ላይ የአምራቹን ስም፣ የተመረተበትን ቀን፣ የይዘቱን ዝርዝርና የምዝገባ ቁጥር ፈልጊ። ካጣሽ አትግዢ። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 መጠቆምም ይቻላል።

መልስ፦ እናት፣ ከመናኸሪያ ሰፈር

ልጄ፣ እኔም የአንጀት ሕመምተኛ አስታምሜአለሁና ወንድምሽ ምን ያህል እንደ ሰለቸው ይገባኛል። የተማሩት ሁሉ ትክክል ተናግረዋል፤ ነገር ግን ተስፋውን አትንጠቂው። «ውሸት ነው» ብለሽ ከምትዘጊው፣ «ገና እየተጠና ነው» ብትዪው እውነትም ነው፣ ልቡም አይሰበርም። የሚሰለቸው የክኒኑ ብዛት ከሆነ ለሐኪሙ ይንገረው፤ እኛ ስንነግር አወሳሰዱን አስተካክለውልናል።

መልስ፦ የዝንጅብል ነጋዴ፣ ሀዳሮና ሀዋሳ

እኔ ስለ ናኖው አላውቅም፤ ዝንጅብል ግን አውቃለሁ። በ2,800 ብር ስንት ኪሎ ትኩስ ዝንጅብል እንደሚገዛ ገበያ ወርደሽ ጠይቂ፤ ከዚያ የሻጩ ነገር ይገባሻል። ትኩሱን ስትገዢ ሰብረሽ እይው፦ ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ውሃ ካወጣ ጥሩ ነው፤ ከተኮማተረ ቆይቷል። በደንብ ያልደረቀ ዝንጅብል ይሻግታል። ዱቄት ሲሆን ደግሞ ሻጋታው በዓይን አይታይም፤ ለታመመ ሰው ምንጩ ያልታወቀ ዱቄት አልሰጥም።

ጠያቂዋ ተመልሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከወንድሜ ጋር ሄድን። የዱቄቱን ዕቃ ገልብጬ ሳየው «100% ተፈጥሯዊ» ከሚል ጽሑፍ በቀር አምራችም፣ ቀንም፣ ቁጥርም የለበትም። ሻጩን «እንዴት አደረቃችሁት?» ብዬ ብጠይቀው «በፀሐይ» አለኝ። ወንድሜ ራሱ «እንሂድ» አለ። እናቴ፣ እንዳሉት አድርጌ ነው የነገርኩት፤ ማክሰኞ ቀጠሮ አለው፣ ስለ ክኒኑ ብዛት ያነሣል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ማታ ማታ የሚጠጣው የዝንጅብል ሻይስ ይቀጥል?

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

በምግብና በሻይ መጠን ከሆነና ካላቃጠለው ይቀጥል። ሆዱን ከቆረጠው ወይም ተቅማጥ ከጀመረው ያቁም። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለው ግን በመጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ማክሰኞ ሲሄድ ሻዩንም ጭምር ይንገራቸው፤ ብዙ ሰው «ሻይ ምን አለው» ብሎ ይተወዋል።