ላስ ቬጋስ የሚካሄደውን የጦር መሣሪያ ንግድ ትርዒት ለማየት ላሰባችሁ

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። በተማሪ ቪዛ የመጣሁ ነኝ። የአሮጌ ጠመንጃ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ይማርከኛል። በጥር ላስ ቬጋስ የሚካሄደውን ሾት ሾው ማየት እመኛለሁ። ነጋዴ ያልሆነ ሰው ይገባል? መሣሪያውን በእጄ ብይዝስ ችግር አለው? ጋሼ፣ እርስዎ ወደ አገር ቤት ከመመለስዎ በፊት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ይሄዱ እንደነበር ሰምቼ ነው።

መልስ፣ ከለገጣፎ

ወንድሜ፣ ሾት ሾው ለሕዝብ ክፍት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በሴንት ሉዊስ ከተጀመረ አንስቶ የባለሙያዎች ገበያ ነው፤ አምራቹ ከባለሱቁ፣ ከፖሊስ ዕቃ ገዢውና ከጋዜጠኛው ጋር ይገናኝበታል። ከ2,500 በላይ አቅራቢዎች ይሰለፉበታል፤ ግን በዘርፉ እንደምትሠራ የሚያሳይ ማስረጃ ካላቀረብክ መግቢያ ባጅ አይሰጥህም። ጀርመን ውስጥ ኑረምበርግ ላይ የሚካሄደው ኢዋ የተባለው የመሣሪያ ንግድ ትርዒትም እንደዚሁ ነው። የዘመድ ድርጅት ሠራተኛ መስሎ ባጅ ማውጣት የሚያስቡ አሉ። እባክህን አንተ አታድርገው። በቪዛ የሚኖር ሰው ስሙ የሐሰት ቃል በሰፈረበት ወረቀት ላይ ሊገኝ አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄህ ከዚህ ይከብዳል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ ሥራ ቪዛ የገባ ሰው ጠመንጃም ሆነ ጥይት እንዲይዝ አይፈቅድም። ጓደኛህ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ወስዶህ ለአንድ አፍታ ቢያቀብልህ እንኳ በሕጉ መሣሪያ ይዘሃል ማለት ነው። ከአንድ ክፍለ ግዛት የጸና የአደን ፈቃድ ያወጣ ሰው ከክልከላው ውጪ ነው፤ ይህንንም ቢሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክር አትሞክረው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ ነገር ግን በመሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ ከተባለ ከአገር ሊባረር ይችላል። በቨርጂኒያ ፈቃድ የታጠቃችሁትን ሽጉጥ ይዛችሁ የፖቶማክን ድልድይ ስትሻገሩ ፈቃዱ ዋሽንግተን ውስጥ አይሠራም። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ድልድዩን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትመላለሱበት ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፈው። ሽጉጡን ቤት ትታችሁ ውጡ።

ልብህ ያለው አሮጌው ላይ ከሆነ ግን፣ ላስ ቬጋስ ቦታህ አይደለም። እዚያ የሚደረደረው የዘንድሮ ምርት ነው። ኦክላሆማ ውስጥ ቱልሳ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደረገው ትልቁ የጠመንጃ ገበያ የመግቢያውን ለከፈለ ሁሉ ክፍት ነው። በእንዲህ ያለው ገበያ ጠረጴዛዎች ላይ የአገርህን ታሪክ ተጋድሞ ታገኘዋለህ። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፤ የፈረንሳዩ ውጅግራ፣ የጣሊያኑ ካርካኖ፣ የቤልጂጉ ጠመንጃ ሁሉም አለ። እስከ እ.ኤ.አ. 1898 የተሠራ ጠመንጃ ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ጥንታዊ ስለሚባል ከቁጥጥሩ ውጪ ነው። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1896 ነውና፣ ዓድዋ የዋለ ውጅግራ ቢያጋጥምህ በተማሪ ቪዛህም በእጅህ ልትይዘው ትችላለህ። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ስለሚለያይ አስቀድመህ ጠይቅ።

አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ ያነሣሁት ካርካኖ ሰደፉ ተሰንጥቆ በቆዳ የተጠፈረ ነበር። ሻጩ እንደ ጉድለት ቆጥሮት ዋጋውን ቀንሶለታል። ፎቶውን እዚህ ለገጣፎ ለጎረቤቴ ለአንድ አዛውንት አሳየኋቸው። የፋብሪካውን ማኅተም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዳውን ብቻ መረመሩ። «እርጥቡን ነው የጠፈረው፤ ሲደርቅ እንጨቱን ጭምቅ አድርጎ እንዲይዝ ነው። ስፌቱን ወደ ታች ያዞረው ደግሞ ሲያነጣጥር ጉንጩን እንዳይፍቀው ነው» አሉኝ። ያ ጠመንጃ በማን እጅ እንደነበረ በወረቀት ላይ የሚነግረን የለም። ቆዳው ግን አንድ ብልህ ሰው በእጁ ይዞት እንደነበር ይመሰክራል፤ ሰብሳቢው ዕቃውን ለማሳመር ብሎ ቆዳውን ከላጠው ምስክሩ ጠፋ ማለት ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ከዚህ ወደ ምዕራብ ባለው እንጦጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ያመጣውን 2,000 ያህል ጠመንጃ ሒሳብ ከምኒልክ ጋር ተወራርዷል። የገባው ተጽፎልናል፤ የወጣውንም እኛ እንጻፈው።

ወደ አገር ቤት ምንም ይዘህ አትምጣ። የጠመንጃ መነጽር ከአሜሪካ ለማውጣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ወደዚህ መሣሪያ ማስገባትም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ባዶ ቀለህ እንኳ ሻንጣህ ውስጥ አይገኝ። ቦሌ ተራ የርቀት መነጽር እንኳ እንደሚያስይዝ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

አስተያየት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ስንት እናት ጥቁር ለብሳ ባለችበት በዚህ ጊዜ ስለ ጠመንጃ ውበት መጻፍ ልቤን ከብዶታል። የወንድሜን ሐዘን ገና አላወጣሁም።

መልስ፣ ከለገጣፎ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እዚህ ሰፈርም ሐዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ማንም እንዲታጠቅ አልመክርም፤ እኔም ስመለስ የነበረኝን ሁሉ እዚያው ሸጬ ነው የመጣሁት። የምፈልገው መተኮስ ያቆመው ጠመንጃ ታሪኩ እንዲመዘገብ ነው። ይህ ጉዳይ ካስከፋሽ ከእንግዲህ ርእሱ ላይ በግልጽ እጽፈዋለሁ፤ ሳትከፍቺው ታልፊዋለሽ።

ለጠያቂው ወንድሜ፦ ቱልሳ ከሄድክ ሻጩን አስፈቅደህ የተከታታይ ቁጥሩን፣ የዘውድና የአንበሳ ማኅተም ካለው እርሱን፣ ሰደፉ ላይ የተቀረጸ ስም ወይም መስቀል ካለ እርሱን፣ ጥገናውንም በሁለቱም ጎን አንሥተህ ላክልኝ። በብልጭታ አታንሣ፤ ቅርጹ ይጠፋል፤ ከጎን በኩል በሚመጣ ብርሃን አንሣው። የሻጩንም ሆነ የገዢውን ስምና አድራሻ ግን አትላክ።